የቲቸር ረውዳ የስፌት መኪና

ልጄ የተማረችበት የይጁቤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሩን ሲገቡ በስተግራ፣ ከዘበኛው ቤት ቀጥሎ አንዲት ጠባብ ክፍል አለችው። በሯ ላይ “የምክር አገልግሎት” ተብሎ ተጽፏል። ተማሪው ግን እንዲያ ብሎ አይጠራትም፤ “መኪና ቤት” ነው የሚላት። በእረፍት ሰዓት በዚያ የሚያልፍ ሰው በእግር የምትረገጥ የልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ይሰማል። አንዳንዴ ድምፁ ይቆምና ረጅም ዝምታ ይሆናል። ከዚያ እንደገና ይጀምራል።

መኪናዋ የቲቸር ረውዳ ናት። ስለዚች ሴት ጥቂት ልጽፍ የተነሳሁት ምስጋናዬን በቃል ልነግራት ሞክሬ ስላልሆነልኝ ነው። በቃል ስጀምር ወሬ ትለውጥብኛለች።

ረውዳ ይጁቤ ተወልዳ ያደገች የልብስ ሰፊ ልጅ ናት። አባቷን ጋሽ አብዱልአሊምን የማያውቅ ገበያተኛ የለም። የእኔንም የሠርግ ልብስ የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው። ሱቃቸው ከፊት ጠረጴዛና መኪና፣ ከኋላ ደንበኛ ልብስ የሚለካበት በመጋረጃ የተከለለ ቦታ አለው። ረውዳ በልጅነቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከዚያ መጋረጃ ሥር ተቀምጣ ቁልፍ ትተክል ነበር። በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሥነ ልቦና ተማረች፤ ሌላ ወረዳ ጥቂት ሠርታ ወደ ተወለደችበት ከተማ ተዛወረች።

ጋሽ አብዱልአሊም ይህን ሲያወሩ ይስቃሉ። “ከመኪናዬ ትገላገል ብዬ ዩኒቨርሲቲ ብልካት፣ ተመልሳ መኪናዬን ይዛብኝ ሄደች” ይላሉ።

የመኪናዋ ነገር እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ወደ ክፍሏ በፈቃዱ የመጣ ተማሪ አልነበረም። ያስጠራቻቸውም እየፈሩ ይገቡና በሩ ላይ ቆመው “ቲቸር፣ ምን አጠፋሁ?” ይሏት ነበር። በዚያ ክፍል ከእሷ በፊት የሚጠራ ተማሪ ወላጅ እንዲያመጣ የሚነገረው ብቻ ነበረ። ጓደኞቹም ሲወጣ ጠብቀው ያፌዙበታል። በኋላ አንድ ቀን ባንዲራ ሲሰቀል የአንዲት ልጅ ጉርድ ከጎኑ ተተረተረ። ልጅቷ በሁለት እጇ ይዛው ስታለቅስ ረውዳ ወደ ክፍሏ አስገብታ፣ ከቦርሳዋ መርፌና ክር አውጥታ ትሰፋላት ጀመር። ልጅቷም ዓይኗን መርፌው ላይ አድርጋ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ወሬ ጀመረች። ስፌቱ ካለቀ በኋላም አላቆመችም። ምን እንዳለቻት ረውዳ ነግራኝ አታውቅም፤ እንደማትነግረኝ ስለማውቅ ጠይቄያትም አላውቅ።

በሳምንቱ የአባቷን አሮጌ መኪና በባጃጅ አስጭና አመጣች።

መምህራኑ ሳቁባት። አንዱ “ቲቸር፣ ለእኔም ሱሪ ታሳጥሪልኛለሽ?” ቢላት፣

“አምጣው። ግን ወረፋ አለ፤ ተማሪ ይቀድማል” አለችው።

አሠራሯ ቀላል ነው። ልብሱ የሚሰፋለት ልጅ ሌላውን ጫፍ ይይዛል። “ምን ሆነህ ነው?” አትለውም። “ያዝልኝ፤ አታጥብቀው” ነው የምትለው። እሷም መርፌው ላይ ታፈጣለች፣ ልጁም እንደዚያው። ፊት ለፊት የሚተያይ የለም። በእኛ አገር ልጅ የትልቅ ሰው ዓይን እያየ የልቡን እንዲናገር ማን አስተምሮት ያውቃል? እኔ ራሴ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ፤ ስንቱን ልጅ ፊት ለፊቴ አቁሜ “ተናገር” እንዳልኩ አስባለሁ።

ልጆቹ ብዙም ሳይቆዩ ነቁ። የዩኒፎርም መቀደድ በረከተ።

“ኪስህን ማን ቀደደው?” ይለዋል አንዱ ጎረምሳ ሌላውን።

“ራሱ ነው።”

“የእኔም ዛሬ ራሱ ሊቀደድ ነው መሰለኝ።”

ረውዳ አርጅቶ የለቀቀ ስፌትና በእጅ የተጎተተ ስፌት እንደማይመሳሰሉ ታውቃለች። የክሩ ጫፍ ይናገራል። ግን “አንተ ነህ የቀደድከው” ብላ አታውቅም። ለተቀደደው ሁሉ ትሰፋለች።

ሁሉም ይቃናላታል ማለቴ አይደለም። ትምህርት ሲቋረጥ ሲቀጥል በከረመባቸው ዓመታት ብዙ ልጅ ከእጇ ወጥቷል። አንድ እጅጌውን እያሰፋ ይመጣ የነበረ ልጅ ድንገት ቀርቶ ደጀን ወረደ፤ የጭነት መኪና ረዳት ሆኗል አሉ። እስከ ዛሬ ከደጀን የመጣ ሾፌር ስታገኝ ስለእሱ ሳትጠይቅ አታልፍም። ቁጡም ናት። አርፍዶ የመጣን ተማሪ በር ላይ ስትገስጽ የሰማ፣ ያቺው ሴት ናት ብሎ አያምንም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ።

ባለቤቴ ጥሩብርሃን ከመስቀል በኋላ ታመመች። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተኝታ ወጣች፤ ወጣች ማለት ወደ ቤት መለሷት ማለት ነው። አንዲት ልጃችን የኔአለም ያን ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ሰፈራችን ከይጁቤ በእግር ግማሽ ቀን ስለሚያስኬድ፣ ከሌላ ቀበሌ ከመጡ ሁለት ሴት ልጆች ጋር ቤት ተከራይታ ትማራለች። እኔ በገበያ ቀን ስንቋን ይዤላት እወርዳለሁ። በሶው፣ ሽሮው፣ በርበሬው፣ ቆሎው ሁሉ የእናቷ እጅ ነው። እናቷ ከደከመች በኋላም ለማንም አልሰጠችም።

ጥሩብርሃን ማረፊያዋ ሲቃረብ የነፍስ አባታችንን አባ ፍቅረ ሥላሴን፣ አጎቷን አቶ አምሳሉን፣ እህቷን ማሬንና እኔን ጠርታ አንድ ቃል ተናገረች። “ፈተናዋን ሳትጨርስ እንዳትነግሯት። ከሰማች ትመጣለች፤ ከመጣች ምድጃ ሥር ትቀራለች” አለች።

ከምን ተነስታ እንዳለችው ሁላችንም እናውቅ ነበር። እሷ ራሷ ስድስተኛ ክፍል ሳለች እናቷ ሞተችባትና ለለቅሶ ከትምህርት ቤት ወጥታ በዚያው ቀረች። ውኃ የሚቀዳ፣ የሚጋግር፣ ታናሿን ማሬን የሚያሳድግ አልነበረም። ደብተሯን ከቤቱ ጣሪያ ሥር ሰክታ ብዙ ዓመት አቆይታዋለች።

በየካቲት አረፈች። ቀበርናት። ለየኔአለም “እናትሽ ጸበል ገብታለች፤ ከዚያ ስልክ አይሠራም” አልናት። በእኛ ዘንድ መርዶ እንደዋዛ አይነገርም፤ ጊዜው ይመረጣል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ በጎህ ይነገራል። ለተፈታኝ ልጅ ማቆየቱም የተለመደ ነው። ስለዚህ ማንም ነገሬ አላለውም።

የመጀመሪያው ገበያ ቀን ስንቁን ይዤ በጥቁር ኮቴ ወደ ይጁቤ ወረድኩ። ጋሽ አብዱልአሊም ከሱቃቸው በር ላይ አዩኝና ተነስተው ጨበጡኝ። እጄን ሳይለቁ ቆዩ።

“ልጅቱ ሰምታለች?” አሉኝ።

“አልሰማችም። ለፈተናዋ ብለን ነው።”

“እንግዲያው ይህን ለብሰህ አትሄድም።”

ወደ መጋረጃው ኋላ አስገቡኝ። ጥቁሩን ኮቴን ተቀብለው ምስማር ላይ ሰቀሉት። አንድ ደንበኛ አሰፍቶ ሳይወስደው የቀረ ቡናማ ኮት ነበራቸው፤ እሱን አለበሱኝ። እጅጌው አጠረኝ። ከዚያ በኋላ በየገበያው እንዲሁ ሆነ። ጢሜን ተላጭቼ እመጣለሁ፣ ሐዘኔን ከመጋረጃው ኋላ ሰቅዬ ወደ ልጄ እሄዳለሁ፣ ተመልሼ እለብሳለሁ።

“እማዬ መቼ ነው የምትወጣው?” ትለኛለች የኔአለም።

“ሱባዔዋን ስትጨርስ።”

“ሰላም በላት ብዬህ ነበር። አልክልኝ?”

“ብያታለሁ።”

“ምን አለች?”

“በርቺ በላት አለች።”

“ሌላስ?”

“ሌላ ምንም።”

እጅጌዬን ታያለች። “ይሄ ኮት የማን ነው?”

“ተውሼው ነው።”

ልጄ እየከሳች ሄደች። የባለፈውን ሳምንት የስንቅ ከረጢት ስትመልስልኝ ይከብደኛል፤ ግማሹም አልተነካ። ያከራየቻት ሴት “መብራት አጥፍታም ተቀምጣ ነው የምታድረው” አለችኝ። ጥናት በዝቶባት ነው አልኩ። ለራሴም እንዲሁ አልኩት።

በአንዱ የገበያ ቀን ልጄን አይቼ ኮቴን ልቀይር ስመለስ ረውዳ ከአባቷ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣ አገኘኋት። ክር ልትወስድ መጥታ መጋረጃውን ስትገልጥ ጥቁሩን ኮት አይታ የማን እንደሆነ አባቷን ጠይቃለች። ቆማ እጅ ነሳችኝ።

“ያጽናዎት መምህር። የየኔአለም አባት እርስዎ መሆንዎን ዛሬ ነው ያወቅሁት።”

“የኔአለምን ታውቂያታለሽ?”

“ልብሷን እሰፋላታለሁ።”

“ብዙ ጊዜ?”

ክሩን ማጠንጠን ጀመረች። “ብዙ ጊዜ” አለች። “ከአባቴ ጋር ለቅሶ ልንደርስዎት ብንመጣ ቅር ይልዎታል?”

“ምን ቅር ይለኛል።”

ያን ቀን ዳገቱን ስወጣ “ብዙ ጊዜ” የሚለው ቃል ከጆሮዬ አልጠፋም። የልጄ ዩኒፎርም ባለፈው መስከረም የተሰፋ አዲስ ነበር።

በተከታዩ እሑድ መጡ። ባጃጁ መንገዱ እስከፈቀደ አድርሷቸው ቀሪውን በእግር ነው የመጡት። ጋሽ አብዱልአሊም ደክሟቸዋል። ከቅዳሴ የተመለሱት አባ ፍቅረ ሥላሴና አቶ አምሳሉ እቤት ነበሩ፤ የአርባዋን ዝግጅት እንነጋገር ነበር። እንግዶቹ ገብተው አጽናንተው ተቀመጡ። ማሬ ቆሎ አቀረበች። ጥቂት ቆይቶ ረውዳ ከተቀመጠችበት ዝቅ ብላ፣

“አባ፣ አንድ ነገር ብናገር ይፈቀድልኛል?” አለች።

“ተናገሪ ልጄ።”

“የመጣሁት ለቅሶ ለመድረስ ነው። ደግሞም የኔአለም ይነገራት ለማለት ነው።”

አቶ አምሳሉ ከዘራቸውን ከአንዱ ጉልበታቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

“ምን ብላሽ ነው?” አሉ አባ።

“እሷ ያለችኝን አልናገርም። እርስዎም የንስሐ ልጆችዎ ያሉዎትን አይናገሩም።”

አባ ፍቅረ ሥላሴ ሳቅ አሉ። “በዚህስ ረታሽኝ። ታዲያ በምን እንመንሽ?”

ከፌስታል ውስጥ የልጄን የዩኒፎርም ጃኬት አውጥታ ዘረጋችው። “ይህን ላሳያችሁ እችላለሁ። አስፈቅጃታለሁ” አለች።

ከግራ ብብቱ ሥር ያለው ስፌት ተሰፍቶ፣ ተተርትሮ፣ ደግሞ ተሰፍቶ፣ ደግሞ ተተርትሯል። መጨረሻ ላይ በወፍራም ክር ተጠናክሮ ነበር። ያን ጊዜ ስፌቱ አልለቀቀም፤ አጠገቡ ያለው ጨርቅ ነው የተቦተረፈው።

“ልጄ የሰፋችው አይለቅም፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ” አሉ ጋሽ አብዱልአሊም። “ይህ በጉልበት የተጎተተ ነው። ሐኪም በሽታውን እንደሚያውቅ እኔም ጨርቅ አውቃለሁ።”

“ወደ እኔ የሚመጣ ልጅ አንድ ጊዜ ይቀድና ይመጣል” አለች ረውዳ። “ሁለቴ የሚቀድም አለ። እሷ በየሳምንቱ ናት። መጥታም ጫፉን ይዛ ትቀመጣለች እንጂ ብዙ አታወራም።”

አቶ አምሳሉ ተናገሩ። “ስሚ ልጄ፤ የሟች ቃል ነው። እዚችው ቤት፣ እኔ ባለሁበት የተነገረ። አደራ ይበላል?”

“አይበላም።”

“ቢነገራትና ብትወድቅስ?”

“ልትወድቅ ትችላለች፤ አልዋሽዎትም። አሁን ግን ገልጣ የምትቀመጠው ያንኑ አንድ ገጽ ነው። ሰው ሁሉ ድንገት ራርቶላታል። ከዚህ ወገን የመጡ ልጆች ስትጠጋቸው ወሬ ያቋርጣሉ። አንድ ነገር እንዳለ ታውቃለች፤ ምን እንደሆነ አታውቅም። የማታውቀውን እሷው እየሞላችው ነው። የምትሞላው ከእውነቱ የከፋ ነው።”

“ከእናት ሞት የከፋ ምን አለ?”

“አለ” አለች ረውዳ።

አባ ጃኬቱን አንስተው ስፌቱን በጣታቸው ዳሰሱት። “ይህን ስታሳዪን ምን ብላ ነው የፈቀደችልሽ?” አሉ።

ረውዳ አባቷን አየች። ከዚያ መሬት መሬት እያየች መለሰች። “‘ለቤተሰቦችሽ ላሳየው?’ ብያት ነበር። ‘እናቴ ከጸበል ስትመለስ አሳዪያት’ ነው ያለችኝ።”

ማሬ ከጓዳው በር ቆማ ነበር። በሽማግሌ ፊት ብዙ የማትናገር ሴት ናት። ያን ቀን ግን ወጥታ መሀል ቤት ቆመች።

“በሶውን እህቴ እንደምታደርገው ኮረሪማ ነካ አድርጌበት ነበር” አለች። “ቆሎውም ላይ ሱፍ ጨምሬ ነበር። ሳትበላ መለሰችው። ያንን ስትቀምስ ነው ያወቀችው።” ነጠላዋን አጣፋች። “እህቴ የፈራችው ምድጃ ሥር እንዳትቀር ነው። እሷ እኔን ለማሳደግ ነው የቀረችው። አሁን ምድጃው ሥር እኔ አለሁ። እኔ እያለሁ አትቀርም።”

አባ ወደ እኔ ዞሩ። “አንተስ እንዳላማው?”

ብዙ የምናገረው መስሎኝ ነበር። “ኮት መቀያየር ደክሞኛል አባ” አልኩ።

አቶ አምሳሉ ወዲያው አልተረቱም። “እሺ፤ ሰምታ ካለቀሰች በኋላ ማን ነው ወደ ትምህርቷ የሚመልሳት? አባቷ ነው? ተመልከቱት።”

“እኔ መጥቼ እወስዳታለሁ” አለች ረውዳ።

“ብቻዋን አልልካትም፤ እኔም አለሁ” አሉ ጋሽ አብዱልአሊም።

“ሱቁን ዘግተው ይህን ዳገት?”

“የገበያ ቀን ካልሆነ እዘጋለሁ። ዳገቱን ግን ደግሜ ከወጣሁት ቀጣዩን ለቅሶ ለእኔ ትደርሳላችሁ።”

አቶ አምሳሉ ሳይወዱ ሳቁ። አባ ፍቅረ ሥላሴም መስቀላቸውን አንስተው “ጥሩብርሃን ‘ትማር’ ነው ያለችው። እንድትማር እንንገራት” አሉ። ነገሩ በዚሁ አለቀ።

የት ይነገራት የሚለው ሌላ ነገር ነበር። ተጠርታ ወደ መንደር ብትመጣ በመንገድ ላይ ከሚያለቅስ ሰው ልትሰማው ነው። የተከራየችው ክፍል ደግሞ ለሦስት ሰውም አይበቃም። ጋሽ አብዱልአሊም “የእኔ ግቢ ሰፊ ነው” አሉ። እኛም ሳናመነታ ተስማማን። ረውዳ አንድ ነገር ብቻ ለመነችን። ልጅቷ በሌላ ውሸት እንዳትጠራ። “‘ነገ ቤተሰቦችሽ ሊያዩሽ ይመጣሉ፤ ዛሬ እኛ ጋ እደሪ’ እላታለሁ፤ ይህ እውነት ነው” አለች። እንዲሁም አደረገች።

ሌሊት ተነስተን ተጉዘን ጎህ ሲቀድ ደረስን። ቤቱ ለሱብሂ ሶላት ተነስቶ ስለነበር ነቅቶ ነው የጠበቀን። የጋሽ አብዱልአሊም ባለቤት በግቢው ሰሌን አንጥፈው፣ ውኃ በማሰሮ አቅርበው ነበር። አባ፣ አቶ አምሳሉ፣ ማሬና ጎረቤቶቻችን ገብተው ቆሙ። እኔ በጥቁሩ ኮቴ ነበርኩ። ረውዳ የልጄን ትከሻ ይዛ ከቤት አወጣቻት።

አባ ፍቅረ ሥላሴ አፋቸውን ሳይከፍቱ የኔአለም ኮቴን አየችው። እጅጌውን አየችው። በልክ ነበር።

“የራስህን ለበስክ” አለችኝ።

ከዚያ የሆነውን አልጽፈውም። ለቅሶ ነው፤ ሁሉም ቤት ያውቀዋል። ይህን ብቻ ልበል፦ ሰው ያላቀፋት አንድ ደቂቃ አልነበረም፤ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ሴቶች እኩል አለቀሱላት።

ወደ ቤት ወሰድናት። ለቅሶዋን በእናቷ ቤት አለቀሰች፤ በማሬ እቅፍ ተኛች፤ ብዙ ተኛች። አንድ ከሰዓት በኋላ እኔ ከበረት ስመለስ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከግቢው አጥር ላይ ያለ ልብስ ላይ ዓይኗን አድርጋ ጠየቀችኝ።

“ተቀይማኝ ነው የሞተችው?”

“ማን?”

“እማዬ። ለጥምቀት መጥቼ ‘ጥቂት ቀን ተቀመጪ’ ብትለኝ ‘ሥራ የለሽም ወይ፣ ጥናት አለብኝ’ ብያት ሄድኩ። ከዚያ በሶው የእሷ አልነበረም። ሰላም በላት ስልህ ‘ሌላ ምንም’ ትላለህ። እጇን የነሳችኝ መስሎኝ ነበር። እኔ ስናገራት ሕመሙ የባሰባት መስሎኝ ነበር።”

ረውዳ “አለ” ያለችው ይህንን ነበር።

“የመጨረሻውን ስንቅሽን ተቀምጣ ነው የቆላችው” አልኳት። “መቆም አቅቷት ነበር። ማሬ ልቀበልሽ ብትላት፣ ‘ለልጄ ጥርስ ምን ያህል እንደሚበስል የማውቀው እኔ ነኝ’ አለቻት። ‘ጥናት አለብኝ አለችኝ’ እያለች ለመጣው ሰው ሁሉ ትነግር ነበር። ደስ ብሏት ነው የምትነግረው።”

“ከእሱ ቆሎ ትንሽ አለኝ” አለች ልጄ። “እንዳያልቅ ብዬ ትቼው ነው።”

ከዚያች ቀን በኋላ መብላት ጀመረች።

ረውዳ ባለችው ጊዜ መጣች፤ አባቷም አብረው፤ ዳገቱን በበቅሎ ነው ያወጣናቸው። የኔአለም ለመሄድ ተዘጋጅታ ነበር፤ አንድ ነገር ብቻ አስቸገራት። ለእናቷ ጥቁር ሳትለብስ መሄድ አልሆንላት አለ፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከዩኒፎርም ሌላ አያስገባም። ማሬም አቶ አምሳሉም መላ አጡ።

ረውዳ ጃኬቱን አምጪው አለቻት። ጋሽ አብዱልአሊም ከኪሳቸው አንድ ጥቁር ጨርቅ ቁራጭ አወጡ፤ ልብስ ሰፊ ኪሱ ውስጥ ጨርቅ አያጣም። ረውዳ ኮሌታውን ገልብጣ ያንን ጥቁር ከሥሩ፣ አንገት ላይ በሚያርፈው በኩል፣ በእጅ ሰፋችው። ሲገለበጥ አይታይም።

“ያዢልኝ፤ አታጥብቂው” አለቻት።

የኔአለም ጫፉን ያዘች። ስትስቅ ከጥምቀት ወዲህ ያን ቀን አየኋት።

ከዚያ በኋላ የነበረው ጊዜ ቀላል አልነበረም። አንዳንድ ቀን ከክፍል ወጥታ መኪና ቤት ትገባ እንደነበር ሰምቻለሁ። ከሌሎች ሦስት አራት ልጆች ጋር፣ ወላጅ ከሞተባቸው ጋር፣ ቁልፍ ይተክሉ ነበር አሉ። ምን እንደሚነጋገሩ አላውቅም። ጃኬቷ ግን ዳግመኛ አልተቀደደም። ሐምሌ ላይ ተፈታኞቹ ፈተናው ወደሚሰጥበት ወደ ደብረ ማርቆስ በአውቶቡስ ሲወሰዱ፣ ስንቋን ማሬ አዘጋጅታ እኔ አቀበልኳት። ከረጢቱ ውስጥ እጇን ከትታ ቆሎውን ቀመሰችና “አክስቴ ሱፉን አበዛችው” አለች። ጎኗ ላለችው ጓደኛዋም አፈሰችላት። ውጤቱ ገና አልመጣም። ሲመጣ ይመጣል።

ረውዳን “ምን ላድርግልሽ?” ብያት ነበር። “ቆሎ አምጡልኝ፤ ልጆቹ እየቆረጠሙ ሲሆን ይናገራሉ” አለችኝ። አሁን በየገበያው ለመኪና ቤት አንድ ከረጢት ቆሎ እይዛለሁ። ማሬ “ስንት ልጅ ነው የምቀልበው?” ትላለች፤ ስትቆላ ግን ሱፉን አትረሳም።

ገበያ ስወርድ መጀመሪያ የምገባው ጋሽ አብዱልአሊም ሱቅ ነው። ቡናማው ኮት ባለቤቱ መጥቶ ወስዶታል፤ “እጅጌው ረዘመብኝ” ብሎ ተጨቃጭቋቸዋል አሉ። ሐዘኔን እንደለበስኩ ገብቼ ሻይ እጠጣለሁ፤ እንደለበስኩ ወጥቼ ወደ ትምህርት ቤቱ እሄዳለሁ። መጋረጃው ኋላ ያለው ምስማር ላይ የሰው ሱሪ ተሰቅሏል፤ ለማሳጠር የመጣ ነው።